ኖር ያላሉት እንግዳ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፤ አገሩም ቆላ። ለጥያቄሽ መልሱ እሱ ዘንድ አለና አዳምጪኝ፣ ትርንጎ።

አንድ ዓመት ፀሐይ ከረረች። ከብቱ በቁሙ ወደቀ፤ ሽማግሌውና ሕፃኑ በየቤቱ ተዝለፈለፈ። ሀብታሙ አንጀቱ አልችል አለውና ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ሣር የሆነ ሰፊ አዳራሽ አሠራ። ውሃ በእንስራ ደረደረ፣ ሰሌን አስነጠፈ፣ በሩ ላይ ዘበኛ አስቀመጠ። «ሙቀት የጠናበት ሁሉ ይግባ» ብሎም በገበያ አስነገረ።

ማንም አልገባም። ሀብታሙ ተቀየመ። «እንግዲያ ኩራታቸው ይግደላቸው!» አለ። ከልቡ ግን አልነበረም፤ እህል እንኳ አልዋጥልህ ብሎት ሰነበተ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ጎረቤቱ የነበሩ አንዲት አሮጊት በገዛ ደጃቸው ተዘርረው ተገኙ። ሀብታሙ ሮጦ ደረሰ። ውሃ ረጩባቸው፣ አናፈሷቸው፤ በስንት መከራ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እማማ፣ ያ ሁሉ ጥላ እያለ ምነው እዚህ?» አላቸው፤ እንባው መጥቶ።

«መጥቼ ነበር፣ ልጄ» አሉት። «ደፉ ላይ ቆምኩ። ዘበኛህ እንደተቀመጠ በአገጩ ወደ ውስጥ ጠቆመኝ። ኖር ያለኝ የለም። በስተርጅና ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ልሁን? ኖር ሳይሉት ሰው ቤት ዘው የሚል ውሻ ነው።»

ሀብታሙ አፈረ። ጥላውንም ውሃውንም አሟልቶ፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው ረስቶ ኖሯል።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እሱ ራሱ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። አሮጊቷ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና ደፉ ላይ ቆሙ። ሀብታሙ ብድግ አለ። «ኖር! ኖር፣ እማማ!» ብሎ የተቀመጠበትን ለቀቀላቸው።

«በእግዜር» አሉና ገቡ። ውሃ ጠጡ፣ ጋደም አሉ፣ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ተኙ። ሀብታሙ ሲያንኮራፉ ሰምቶ «ተመስገን» አለ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሰው እየተያየ ገባ። አንዱ ለአንዱ ሲነሣ ዕረፍት የሚባል ጠፋ፤ ዘበኛው ራሱ «ወገቤን!» እያለ ያማርር ነበር። በዚያ ሐሩር የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

እንግዲህ ትርንጎ፣ «ለከተማው ሰው ማራገቢያ ያለው አዳራሽ ከፈትን፤ በዚህ ሁሉ ሙቀት ሕዝቡ ስለ ምን አይገባም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ሀብታም አንቺ ነሽ። በሩን ከፍታችኋል፤ ከወንበራችሁ ግን አልተነሣችሁም። እኔም ያለፈው ሰሞን ደጃፋችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። የሚያየኝ እንጂ የሚነሣልኝ ባጣ ወደ ቆርቆሮ ቤቴ ተመለስኩ።

ነገ ቀትር ላይ እመጣለሁ። ኖር በዪኝ።