የሬዲዮው አንድ ወንበር

በአንድ ወቅት ከአዋሽ ወዲህ ባለች ከተማ ጾም የማይፈቱ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው ነበሩ። ፋሲካም ይምጣ ገና፣ እነሱ ቤት ያው ሽሮና ምስር ነው። ፈረንጆቹ ቪጋን የሚሉት መሆኑ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ፍስክ የማያውቁት» እያለ ይስቅባቸዋል። ነፍስ ያለውን ላለመግደልም ላለመብላትም ምለዋል።

ታላቁ ደምሰው ድሮ ቄራ ውስጥ አራጅ ነበር፤ አንድ ቀን ቢላዋውን ጥሎ ወጣ። መካከለኛዋ ስንቅነሽ የጾም ምግብ ቤት አላት፤ ክንዷ የጤፍ ኩንታል ያነሳል። ትንሹ ልሳነወርቅ አፉ የሰላ ነው፤ የተጣላ ሰፈር በምላሱ ያስታርቃል።

ታዲያ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስለ መሐላቸው እንዲያወሩ ለፋሲካ ማግስት ጠራቸው። አዘጋጁ «ስርጭቱ ቀጥታ ነው፤ ለእንግዳ ያለኝም አንድ ወንበር ነው። አንዳችሁ ኑ» አላቸው።

ሕማማቱን ሙሉ በግቢያቸው ሲለማመዱ ሰነበቱ። ጭልፋው ማይክሮፎን ሆነ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ደምሰው ተራው ሲደርስ «ቢላዋው አንገቱ ላይ ሲያርፍ በሬ ዓይኑን ይመልስና አራጁን ያየዋል» ይል ነበር። ይህን ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ፈለቀ ይሰማል። ፈለቀ የሰፈሩ ቅርጫ አራጅ ነው።

የፋሲካ ጠዋት ቅርጫው እዚያው ግቢ ነበር፤ አከራያቸው አቶ ጌጡ የቅርጫው ዳኛ ናቸውና። በሬው ተጥሎ ታሰረ። ፈለቀ ቢላዋውን አንገቱ ላይ ሲያሳርፍ በሬው ዓይኑን መለሰና አየው። የፈለቀ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ አንገቱን ግማሽ ድረስ ብቻ ቆረጠ። በሬው ገመዱን በጥሶ ተነሳ፣ ደሙን እየረጨ አቶ ጌጡን ከግንቡ ጋር አጣበቀና ጭናቸውን ዘነጠለው።

ስንቅነሽ ሮጣ ሁለቱን ቀንዶች ጨበጠች። በሬው ራሱን ሲነቀንቅ አንደኛው ቀንድ ጎኗን ቀደደው፤ የጎድን አጥንቷ ሲሰበር እስከ በሩ ተሰማ። አልለቀቀችም። በዚያች ፋታ አቶ ጌጡን ጎትተው አወጧቸው።

ደምሰው የእህቱ እግር ከመሬት ሲነሳ አየ። የወደቀውን ቢላዋ አፈፍ አድርጎ ከቀንዶቹ ኋላ፣ ማጅራቱ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወጋ። በሬው ባለበት ተደፋ። ያ እጅ ሥራውን አልረሳም ነበር።

የአቶ ጌጡ ልጅ የአባቱን ደም ሲያይ መጥረቢያ አንስቶ ፈለቀን አነቀው። «እጅህ ለምን ተንቀጠቀጠ?»

«ደምሰው ሲያወራ ሰምቼ…» አለ ፈለቀ። ሞኝ! ዝም አይልም ነበር?

መጥረቢያው ሲሰነዘር ፈለቀ ጎንበስ በማለቱ ጆሮው ብቻ ተቆረጠ። ልጁ ግን አልበረደለትም። የበሬውን ቆዳ ሰንጥቆ ትኩስ ሥጋ ቆረጠና ለልሳነወርቅ ዘረጋለት። «ጉዳችሁ ነው አባቴን ያስወጋው። ብላ! ካልበላህ የዚህን አራጅ ጭንቅላት እፈልጠዋለሁ።»

ልሳነወርቅ ያ ሁሉ ምላስ እያለው ሥጋውን ተቀበለ። አፉን ከፈተና በላ፤ ደሙ በአገጩ እየወረደ ዋጠው። ልጁም መጥረቢያውን ጣለ።

ሦስቱ ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ተገናኙ። አዘጋጁ ደውሎ «የነገው የመጀመሪያ ጥያቄዬ፣ መሐላችሁን ጠብቃችኋል ወይ? የሚል ነው» አላቸው። ጠብ የተነሳው ያኔ ነው።

ስንቅነሽ በፋሻ እንደተጠቀለለች «የገደለና የበላ ስለ አለመግደል ምን ያወራል? ተሸክማችሁም ቢሆን ውሰዱኝ» አለች።

ደምሰው «እኔ ባልገድል አንቺ ዛሬ አስከሬን ነበርሽ» አላት። «የመሐላውን ዋጋ የማውቀው የሻርኩት እኔ ነኝ።»

ልሳነወርቅም ገና አፉን እየጠረገ «እናንተ በሬውን ታገላችሁ፤ እኔ ሰውን» አለ። «የሚያዳምጠን ደግሞ ሰው ነው።»

ይህን ሲባባሉ ፈለቀ የተቆረጠ ጆሮውን በፋሻ ታስሮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ መሬት አስቀመጠው። «ከእንግዲህ አልነካውም፤ ነገ ሬዲዮ ከፍቼ እጠብቃለሁ» አለ። «ማን ነው የሚያወራው?»

ሦስቱም «እኔ» አሉ።

እኔ ግን እዚህ ላይ ላቁም። እናንተ ተከራከሩ፤ በአጠገባችሁ መጥረቢያ ካለ ግን አስቀድማችሁ አርቁት። መሐላዋን ጠብቃ በሌላው ቢላዋ የተረፈችው ናት? እህቱን ለማዳን የገደለው ነው? ወይስ አራጁን ለማዳን የበላው? ያ አንድ ወንበር ለማን ይገባል?