የአያ ዝንጀሮ ቅቤ

ልጆች፣ የላም በረት ማለቱን ተዉትና ቁጭ በሉ። እኔ አያታችሁ ግን ቆሜ ነው የምተርከው። ለምን ቆምክ የሚለኝ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሥ፤ የማፍርበት ነገር ስለሆነ ቶሎ አይወጣልኝም።

ድሮ ድሮ፣ ስሙን በረሳሁት አገር፣ ከአንድ ገደል ሥር እኔ አያ ዝንጀሮ የአራዊት ሁሉ ሐኪም ነበርኩ። ማን ሾመህ አትበሉኝ፤ ራሴው ነኝ። እውቀቴ በሙሉ ከመንደር በሰረቅኩት አንድ ቅል ቅቤ ውስጥ ነበር። የተቆረጠ ቢመጣ፣ የተቃጠለ ቢመጣ፣ ቃሌ አንድ ነው፤ "ቅቤ ቀቡት፣ አመድ ነስንሱበት፣ እፍ በሉበት!"

አንድ ቀን ድኩላ እግሯን እሾህ ቀዷት መጣች። "ቅቤ ቀቡት፣ አመድ ነስንሱበት፣ እፍ በሉበት!" አልኩ። በሦስተኛው ቀን እግሯ ዱባ አክሎ እያነከሰች ተመለሰች። "ማበጡማ መድኃኒቱ ሥራ መጀመሩ ነው" ብዬ ሸኘኋት። ትንሽ እንኳ አላፈርኩም።

ወንዝ ዳር የምትኖረው እመት ኤሊ ይህን ሰምታ መጣች። "አያ ዝንጀሮ፣ ቁስል በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ደም ከፈሰሰው በንጹሕ ጨርቅ ጫን ተደርጎ ይያዛል። ቃጠሎም ቢሆን የሚሻው ውሃ ነው" አለችኝ።

"ውሃማ ማን ያጣል? ሁሉ ያለው ነገር ምኑ መድኃኒት ነው!" ብዬ ሳቅኩባት። አራዊቱም አብረውኝ ሳቁ። ሞኙ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ እሱ ትንሽ ያጽናናኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ገበሬዎች አገዳ አቃጥለው ሲሄዱ ከፍሙ ውስጥ የበቆሎ ሽታ ጠራን። ከትንሿ ልጄ ከድምቡሼ ጋር ሄድን። እሷ በቆሎውን ላንሳ ብላ መዳፏ ተለበለበ። እኔ ደግሞ ልይዛት ስዘል አዳለጠኝና ፍሙ ላይ ዘጭ አልኩ፤ በየት በኩል እንደሆነ አልናገርም። ልጄ ጮኸች። እኔ ከእሷ በልጬ ጮኽኩ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። መዳፉ የማይጨብጥ ዝንጀሮ ገደል አይወጣም፤ ገደል ያልወጣ ደግሞ የነብር እራት ነው። ሮጬ ቅሉን አመጣሁ። ለካ ቅቤው ተሟጦ የቀረው ለአንድ ቁስል ብቻ ነው። "ታላቅ ይቅደም!" አልኩና ሁሉንም ለራሴ ለቀለቅኩት፤ አመዱንም ነሰነስኩበት።

ባለቤቴ አየችኝ። "አንተ ሽማግሌ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ያንተ ደግሞ ባሰ!" ብላ ልጅቱን አዝላ ወደ እመት ኤሊ በረረች።

"እጇን ከሚወርደው ውሃ ሥር ያዢው" አለቻት እመት ኤሊ። "የዛፉ ጥላ እዚህ ድንጋይ እስኪደርስ አታውጪው። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጪው፤ በታጠበ ጨርቅ ላላ አድርገሽ ሸፍኚው።" ባለቤቴም እንዳለቻት አደረገች።

እኔን ግን ቅቤው የቃጠሎውን ግለት አፍኖ ይዞ ጠበሰኝ። አመዱ ተጣበቀ፣ ዝንብ ሰፈረበት፣ መገለ። ሦስት ሳምንት በሆዴ ተኛሁ። ያቺ ድኩላ በየቀኑ ደጄ እየመጣች፣ "አያ ዝንጀሮ፣ ማበጡማ መድኃኒቱ ሥራ መጀመሩ ነው!" ትለኝ ነበር።

በዚህ መሀል ነብር መጣ። ዘመዶቼ ሁሉ ገደሉን ወጡ፤ እኔ መሮጥ አቅቶኝ ከሥር ቀረሁ። የነብሩ ትንፋሽ ጅራቴን ሲሞቀኝ ከላይ አንዲት ትንሽ እጅ ወርዳ ክንዴን ጨበጠች። የድምቡሼ እጅ ነበረች፤ ድናለች። እናቷ እሷን፣ እሷ እኔን ይዘው ጎትተው አወጡኝ።

ያን ቀን ቅቤው ተርፎ ቢሆን ኖሮ ያቺን እጅ እኔው ባበላሸኋት ነበር። ልጄን ያዳናት ስስቴ እንጂ እውቀቴ አይደለም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እንባዬ ይመጣል።

ፀጉሩም በዚያ በኩል ተመልሶ አልበቀለም። ዝንጀሮ ሁሉ ከኋላው መላጣ የሆነው በእኔ ጦስ ነው። እኔም ለስላሳ ሣር ካላገኘሁ አልቀመጥም።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ዳቦ ይበቃዋል፤ ቅቤ ይዞ ወደ ኋላዬ የሚጠጋ ግን ወዮለት!

ለቃጠሎ ውሃ፣ ለአላዋቂ ዝምታ።