ያላነሳው ብረት

አንድ ሰው ነበረ። ሆዱ ቀደም ቀደም ብሎ የሚሄድ፣ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ስልኩን የሚነካካ የሚመስል፣ እውነቱ ግን ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው። ሳቃችሁ? ራሳችሁን አውቃችሁ ነው የሳቃችሁት!

ሐኪሙ፣ «ስኳርህ ከፍ ብሏል። ተንቀሳቀስ፤ አለዚያ ልጆችህን አታሳድግም» አለው። ሰውየው ደንግጦ ሰፈሩ ያለ ጂም ገባ። ገባና አፈረ። የወጣቶቹ ክንድ የእሱን ጭን ያክላል። ራሱን በመስታወት አይቶ ሊወጣ ሲል አንድ ሰው ትከሻውን ያዝ አደረገው። «አንተ፣ ወዴት ነው? ና፣ አብረን እንሠራለን!»

ጌዲዮን ይባላል፤ የአጥር ጎረቤቱ ነው። ደግ ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ደግ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን አንኳኩቶ ከአልጋው ያስነሳዋል። ሲደክመው «አይዞህ» ይለዋል። እንዲህ ያለ ጓደኛ የማይመኝ ማን ነው?

ጂም የማታውቁ እናቶች አላችሁ፤ ላስረዳችሁ። ሰውየው አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ይተኛል። ግራና ቀኝ ክብደት የተሰካበትን ዘንግ ወደ ደረቱ ያወርድና ወደ ላይ ይገፋል። ጓደኛው ከራስጌው ቆሞ እጁን ከዘንጉ ሥር ያደርጋል። ዘንጉ እንቢ ካለ ይቀበለዋል። ራስጌ የሚቆም ሰው ሥራው ይሄ ነው።

ታዲያ የኛ ሰው ሲገፋ ዘንጉ መሐል ላይ ይቆማል። ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ጌዲዮን በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ያነሳለትና ይጮኻል፦ «አልነካሁትም! የራስህ ጉልበት ነው! ብቻህን ነው ያነሳኸው!»

ሰውየው ተነስቶ ክንዱን ያያል። ፊቱ ይበራል። ጌዲዮን ያን ፊት ሲያይ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። በሳምንቱ ብረት ይጨምርለታል። ዘንጉ ይቆማል፣ ጣቶቹ ያነሳሉ፣ «አልነካሁትም!» ደግሞ ይጨምራል። «አልነካሁትም!»

ሰውየው ቤት ገብቶ ይፎክራል። ሚስቱ ወይንሸት፣ «ይህ ሁሉ ጉልበት ካለህ እስቲ ያን የውኃ ጀሪካን አስገባልኝ» ትለዋለች። ያነሳዋል፤ መንገድ ላይ ወገቡን ይዞ ያስቀምጠዋል። «ጀሪካን ሌላ፣ ብረት ሌላ» ይላል። እሷ ጀሪካኑን አንስታ ራሷ ታስገባዋለች።

አንድ ቀን ጌዲዮን ዘመድ ሞቶበት ገጠር ለቅሶ ሄደ። ሰውየው ግን ሰነፈ መባልን ጠላ። ገና ሲነጋ ብቻውን ጂም ገባ። የጂሙ ባለቤት በር ላይ ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዟል፤ ውስጥ ሙዚቃው ይጮኻል። የኛ ሰው «የሚያነሳውን» ብረት ሰካ። እንዳይንሸራተት ግራና ቀኝ ቆለፈው፤ ጌዲዮን እንዳስተማረው። ተኛ። ዘንጉን አወረደ።

ገፋ። አልሄደም።

እንደገና ገፋ። አልሄደም! የጌዲዮን ጣቶች የሉማ! ዘንጉ ደረቱ ላይ ተኛ። አዘንብሎ ብረቱን እንዳያራግፍ ራሱ ቆልፎታል። ሲፍጨረጨር ዘንጉ ወደ አንገቱ ተንከባለለ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ወገኖቼ፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ በር ላይ ሰው እየሳቀ፣ አንድ የልጆች አባት «የራስህ ጉልበት ነው» በተባለው ብረት ታንቆ እየሞተ ነበር!

ባለቤቱ ወሬውን ጨርሶ ሲገባ እግሮቹ ሲንፈራገጡ አየ። ሮጦ አነሳለት። ሰውየው የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ጉሮሮው ተጎድቶ ሆስፒታል ገባ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። የዚህ ሰው እውነት ግን በንጋት አንገቱ ላይ ወደቀች።

ጌዲዮን ከለቅሶው በቀጥታ ሆስፒታል መጣ። ሰውየው በሰለለ ድምፅ፣ «ጌዲ፣ ያን ብረት ስንሠራ አንተ ታነሳ ነበር?» አለው።

ጌዲዮን አቀረቀረ። «አግዝህ ነበር።»

«ስንቱን?»

«ግማሹን። አንዳንዴም ከዚያ በላይ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ!» አለ ጌዲዮን እያለቀሰ። «ያን ፊትህን እያየሁ እንዴት ልጨክን?»

ወይንሸት አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ነበር። «ጨክነህ ብትነግረው ይሻለኝ ነበር» አለችው።

እኔ ይህን ስሰማ ክው አልኩ። ምቀኛ ነበር የጠበቅሁት። ወይም ስልኩን ሲነካካ ጓደኛውን የረሳ ቸልተኛ። ጠላት ፈለግሁ፤ አጣሁ! ሰውየውን ሊገድለው የነበረው የሚወደው ሰው ነው። በ«አይዞህ» ሊገድለው ነበር! ይሄ አያስደነግጣችሁም? እኔን እስካሁን ያስደነግጠኛል።

ልብ በሉ፣ ጥፋቱ ማገዙ አይደለም። ማገዝማ ታዘናል። ጥፋቱ እያነሳ «አልነካሁትም» ማለቱ ነው።

እስቲ እንጠያየቅ። የልጃችሁን የቤት ሥራ ሠርታችሁ «ጎበዝ ልጄ!» ያላችሁ የላችሁም? ወንድማችሁን ከመጠጥ ቤት ደግፋችሁ አምጥታችሁ፣ ለአለቃው «አሞት ነው» ብላችሁ ደውላችሁ፣ እሱን ደግሞ «አንተ እኮ ተለውጠሃል!» ያላችሁትስ? ፊቱ በራላችሁ? በርቶላችኋል። እናንተ ስትሄዱስ ምን ይሆናል?

ሰውየው ሲድን ጂም ተመለሰ። ከማን ጋር? ከዚያው ከጌዲዮን ጋር! ባዶውን ዘንግ ያዙ፤ ክብደት የለም። አንዴ ገፋ፤ ወጣለት። ደግሞ ገፋ፤ መሐል ላይ ቆመ። ጌዲዮን እጁን አገባ። «ያዝኩት» አለ። «ይሄኛው የኔ ነው። የቅድሙ ያንተ ነበር።» ሰውየው የጎድን አጥንቱን ይዞ ሳቀ። ወገኖቼ፣ ያን ቀን ያነሳው ባዶ ዘንግ ነበር፤ ግን የራሱ ነበር።

እናንተ ከሰው ራስጌ የቆማችሁ፣ እጃችሁን አትሰብስቡ። አፋችሁን ግን አርሙ። ከዚህ ስትወጡ «አልነካሁትም» ያላችሁትን ሰው ፈልጉት። ስልክ አይበቃም፤ ቤቱ ሂዱ። ፊቱ ይጥቆር፣ ይቀየማችሁ፣ ግን ንገሩት። ነገ እናንተ ለቅሶ ትሄዱ ይሆናል። እሱ ገና ሲነጋ፣ ብቻውን፣ ያ ዘንግ ሥር ይተኛል።