ማንም አልሞተም

አንድ ጡረተኛ በደቡብ፣ በሐይቅ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ሻመና ነው። ሠላሳ ዓመት በፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ሲነፋ ኖሮ ጡረታ በወጣ በወሩ የሰፈሩ እድር የለቅሶ ጥሩምባ ነፊ አድርጎ መረጠው። የቀድሞው ነፊ ጥርሳቸው አልቆ ስለነበር ከእሱ የተሻለ ሰው አልተገኘም።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ከአባላቱ ቤት ሰው ሲሞት ማልዶ ይነሳል፣ በየመንገዱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል፤ ራቅ ያሉትን ደግሞ በር አንኳኩቶ ይነግራል። በመጀመሪያው ቀን ልማድ ሆኖበት መጨረሻው ላይ ትንሽ የሰልፍ ዜማ ጣል ቢያደርግበት የእድሩ ዳኛ አቶ ኦይቻ ጠሩት። "አቶ ሻመና፣ ሰውየውን ልንቀብራቸው ነው እንጂ ልናሰልፋቸው አይደለም" አሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ሆነ።

ሻመና ሰው ይወዳል። በጡረታው ያለመው ነገር ቢኖር ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረ ማውራትና ከዓሳ ሾርባ ቤቱ ደጃፍ ዳማ መጫወት ነበር። ጥሩምባውን በያዘ በዓመቱ ግን ሰፈሩ ከእጁ እየወጣ መሆኑን አወቀ። በር ሲያንኳኳ የሚከፍተው ሰው ፊቱ ይለዋወጣል። ደህና ዋሉ ብሎ ሲጀምር መልስ የሚሰጠው የለም፤ ሁሉም ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ይጠብቃል።

ሰኞ ዕለት ሚስቱ የእትዬ ጌጤን ሰሃን እንዲመልስ ላከችው። ሰሃን ባዶውን አይመለስምና ቆጮ ሞላችበት። እትዬ ጌጤ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ዲላ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀን የምትቆጥር ናት። በሩን ከፍተው ሻመናን ሲያዩ "ልጄን!" አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሻመና አፉን ሳይከፍት ግቢው በሰው ሞላ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ሁለት ጎልማሶች የእድሩን ድንኳን ብረት ተሸክመው ደርሰው አንዱን ማእዘን ተክለዋል። በመጨረሻ አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች፣ "ቆይ ግን፣ ማን ነው የሞተው?" አለች።

"ማንም" አለ ሻመና። "ሰሃን ልመልስ ነው የመጣሁት።"

እትዬ ጌጤ አቧራቸውን አራግፈው ተነሱ። "ስማ አንተ ሰው፣ ሰሃኑ ይቅርብኝ። ሁለተኛ በሬን እንዳታንኳኳ።" ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ድንኳኑም ተነቀለ። ሻመና ግን አልሳቀም።

ማክሰኞ ወደ ዳማው ሄደ። ሊያሸንፍ አንድ ጠጠር የቀረው ሰው ቀና ብሎ አየውና፣ "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ቤቴ ደውዬ ልምጣ" ብሎ ተነሳ። አልተመለሰም። ረቡዕ እውነተኛ ለቅሶ ነበረና ጥሩምባውን ነፋ፤ በሩ ሁሉ ወዲያው ተከፈተለት። ከቀብር ሲመለስ ጥሩምባውን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

"እሁድ ስብሰባ ላይ አስረክባለሁ" አላት ለሚስቱ።

"ማን ሊነፋ?"

"እኔ እንጃ። እኔ ሰፈሬን ነው የምፈልገው።"

ሚስቱ ጥሩምባውን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። "ይሄ ዕቃ ምን አደረገ? መጀመሪያ ደንገጥ ሲሉ አየህና መሄድ ተውክ። አሁን ብቅ የምትለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። እኔስ ብሆን አልደነግጥም?"

እስከ እሁድ አራት ቀን ቀርቶታል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከእትዬ ጌጤ ግቢ እልልታ ተሰማ። ከዲላ ተደውሎ ነው፤ ልጃቸው በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ። እልልታው ከታችኛው መንገድ አልደረሰም። ሻመና ጥሩምባውን እቤት ትቶ ወጣ። ከመጀመሪያው አጥር አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆመና በዚያ በትልቅ ድምፁ፣ "ማንም አልሞተም!" ብሎ ተጣራ።

ከውስጥ አንድ ሳፋ ወደቀ።

"ማንም አልሞተም! የእትዬ ጌጤ ልጅ ወልዳለች!"

ሦስተኛው ቤት ላይ ሳቅ ተጀመረ። እታች ሲደርስ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ዓርብ ሁለት ሳምንት የጠፋው የቧንቧ ውሃ መጣ፤ "ማንም አልሞተም፣ ጀሪካን አውጡ!" እያለ ዞረ። ቅዳሜ የሚነገር ነገር አልነበረም። ዝም ብሎ ሲያልፍ አንዲት ሴት ከአጥር ውስጥ፣ "ጋሽ ሻመና፣ ዛሬስ ማን አልሞተም?" አለችው።

"ዛሬ እንዲሁ ነው የወጣሁት።"

"ይግቡ እንግዲያ፣ በቆሎ እየጠበስን ነው።"

እሁድ ሻመና ያለውን ሊፈጽም ጥሩምባውን ስብሰባው ፊት አስቀመጠ። አቶ ኦይቻም ቅር ብሏቸው ስለነበር፣ "እርስዎ የተመረጡት ለሞት ነው፤ ለውሃና ለወሊድ አይደለም" አሉ። ያን ጊዜ እትዬ ጌጤ ተነሱ። "የልጅ ልጄን መወለድ የነገረልኝ ሰው የእኔንም ሞት ይንገርልኝ። ሌላ ሰው በሬ ላይ እንዳይመጣ።" ጭብጨባው ሲያባራ ጥሩምባው ወደ ሻመና እጅ ተመልሶ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። ልጆች እንኳ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እናቶቻቸውን "ማንም አልሞተም" እያሉ ይገቡ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ጥሩምባው እንግዳ በሆነ ድምፅ ጮኸ። የሚነፉት አቶ ኦይቻ ነበሩ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ድምፁ ተሰባበረ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ወጣ። የሻመና ስም ተነገረ፣ የቀብሩም ሰዓት ተነገረ። ሰው ግን ወደ ቤቱ አልገባም። እንደ ልማዱ ያችን ቃል ይጠብቅ ነበር።

ሚስቱ እኔ ነኝ። ከአርባው በኋላ ቤቴ በሰው ሰሃን ተሞልቶ ነበር። ቆጮ አዘጋጀሁና ጥቁሬን ለብሼ ወጣሁ። እትዬ ጌጤ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ።

"ማንም አልሞተም" አልኳቸው። "ሰሃን ልመልስ ነው።"

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ሁለታችንም የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለን እስኪያመን ሳቅን። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። የቀሩትን ሰሃኖች በቀን አንድ አንድ እየመለስኩ ነው፤ እንዳያልቁብኝ።

ወዳጆቼ፣ ባሌ በዚያ ሳምንት የተማረው ይህን ነው፦ ሰው የሚሸሸው መርዶ የሚያደርሰውን ሰው አይደለም፤ ከመርዶ ቀን በቀር የማይመጣውን ነው። በክፉ ቀን መድረስ ደግ ነው፤ በደህናው ቀንም ስታንኳኩት የኖራችሁት በር ላይ ሲሆን ግን የበለጠ ያጽናናል። እናንተስ፣ ማንም ባልሞተበት ቀን የሰው በር ካንኳኳችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?