ማመልከቻ ጸሐፊው አራሚ የመረጠ ዕለት

«አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ልሳነወርቅ።

ስንዱ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ትጽፋለች። ሰዋስው የሚያርሙ ሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሏት፤ ለዕለት ጽሑፏ የትኛውን ብትይዝ እንደሚሻል ግራ ገብቷት ልትጠይቃቸው ነው የመጣችው። እሳቸው ግን ስለ ኮምፒዩተር አንድም ቃል ሳያነሡ ወደዚህ ሰው ታሪክ ገቡ።

ሰውየው በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት ጽፏል። ሰው ችግሩን ሲነግረው አያቋርጥም። እስኪጨርስ ጠብቆ፣ «አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይላል። ሁለተኛው ንግግር ከመጀመሪያው የጠራ እንደሚሆን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ነው ብዕሩን የሚያነሣው። በዚህ ጠባዩ ሰው ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር እሱን ብሎ ይመጣ ነበር።

እያደር ግን ዓይኑ ደከመ። ፊደል መዝለል ጀመረ። አንድ ቀን ለአንድ ገበሬ ስለ ወሰን ክርክር ሲጽፍ፣ «ያልተስማማሁበት» ማለት ሲገባው «የተስማማሁበት» ብሎ ጻፈ። ደግነቱ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አይቶ መለሰለት። ገበሬው ማሳውን ሊያጣ የነበረው በጠላቱ ሳይሆን በጸሐፊው እጅ ነበር። የዚያኑ ዕለት፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ሳያነብለት ምንም ወረቀት ከእጁ እንዳይወጣ ወሰነ።

አራሚ እንደሚፈልግ ሲሰማ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ከትልቅ ከተማ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። ቋንቋው ይጥማል፣ እጁም ፈጣን ነው። የሰጡትን ወረቀት ወዲያው አርሞ፣ በአዲስ ወረቀት ገልብጦ፣ አሳምሮ ይመልሳል። የቱን እንደለወጠ መፈለግ አያስፈልግም፤ ሁሉም ተለውጧል። ሁለተኛዋ ማተሚያ ቤት ውስጥ ስታርም ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። እሷ እርሳስ ብቻ ይዛ መጣች። ታነብባለች፤ የተጠራጠረችው ቃል ሥር ትንሽ ነጥብ ታደርጋለች፤ ከዚያ ትጠይቃለች። በራሷ እጅ አንድም ቃል አትለውጥም። ጸሐፊው ለሳምንት ሁለቱንም ሊያያቸው አስቀመጣቸው።

እውነቱን ለመናገር ልቡ ወደ ጎልማሳው አዘንብሎ ነበር። የእሱን ወረቀት ሲያነብ፣ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ?» እያለ ደስ ይለዋል። ሴትዮዋ ግን ሥራ ታስፈታዋለች። «ይህ ምን ለማለት ነው? ይህስ ማንን ነው?» ማለቷ አያልቅም።

በሳምንቱ መጨረሻ አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣች። ጭቃው ከክንዷ ገና አልለቀቀም። እህቷ ስትሞት የአንድ ዓመት ልጅ ጥላ ነበር፤ ይህቺ ናት ያሳደገቻት። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ ሞታለች ወይስ አለች ብለው ጠይቀው የማያውቁ የአባቷ ዘመዶች መጥተው ወሰዷት።

«ወለድኳት አልልም፣ ጋሼ» አለችው። «እህቴ ናት የወለደቻት። እኔ አሳደግኳት ነው የምለው። ስትታመም አትነግርም እሷ። ዝም ስትል ነው የማውቀው። እነሱ ይህን ያውቃሉ? እዚያ ብትታመምስ?»

ጸሐፊው እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ሰምቶ ጻፈ። ጽሑፉን ለሁለቱም ሰጠ።

ጎልማሳው ቀድሞ መለሰ። ወረቀቱ «እኔ አመልካች፣ የአብራኬን ክፋይ ተነጥቄ አንጀቴ የተቃጠለ እናት» ብሎ ይጀምራል። ጸሐፊው ሲያነበው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህንኑ ሊያስገባ ተነሣ።

ሴትዮዋ የእርሳሷን ወረቀት ዘረጋችለት። ሁለት ገጽ ሙሉ ላይ ያለው ነጥብ አንድ ብቻ ነበር።

«እዚህ ‹ወስደውታል› ይላል» አለችው። «የተወሰደው ወንድ ነው ወይስ ሴት?»

«ሴት ናት እንጂ!»

«እንግዲያው ‹ወስደዋታል› ነው። እንዲህ ሆኖ ቢገባ ዳኛው ሁለት ልጆች ያሉ ይመስላቸዋል።»

ደነገጠ። ደግሞ ልቡ አልረካምና «ይህንንስ ለምን ዝም አልሽው?» ብሎ ጠየቃት። «‹ስትታመም አትነግርም እሷ› ብዬ እንዳለችው ነው የጻፍኩት። አሰካኩ ደስ አይልም።»

«አየሁት። ግን የሚያሳስት ነገር የለውም። ዳኛው ሲጠይቋት እንዲሁ ብላ ነው የምትመልሰው። ካልመሰለዎት ያቃኑት፤ ጽሑፉ የእርስዎ ነው።» ጥቂት አሰበችና፣ «ሁለቱንም ለባለጉዳይዋ ያንብቡላት» አለችው።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አርሞ ያስገባውን ጽሑፍ መልሶ ለባለቤቱ አንብቦ አያውቅም። አሁን ግን ሸክላ ሠሪዋን አስቀምጦ የጎልማሳውን አነበበላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

«ደስ ይላል» አለች ሲጨርስ። «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ እንጂ።»

«እኔ? ይህቺ እኮ ወልጃለሁ ነው የምትለው። የአባቷ ዘመዶች ይህን ሲሰሙ ውሸታም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ የምናገረውን ማን ያምነኛል?»

ጸሐፊው የገዛ ጽሑፉን አነሣ። «ወስደውታል» የሚለውን ራሱ ሰርዞ «ወስደዋታል» ብሎ ጻፈና ከመጀመሪያው አነበበላት። «ስትታመም አትነግርም እሷ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሸክላ ሠሪዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ጎልማሳው ያማረ ወረቀቱን ራሱ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ችሎት በቀረበች ቀን ዳኛው ማመልከቻውን አንብበው፣ «ልጅቷ ስትታመም በምን ታውቂያለሽ?» አሏት። እሷም ወረቀቱን ሳታይ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን መለሰች። ዳኛው ወደ ዘመዶቹ ዞረው ይህንኑ ጠየቋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቷ በሳምንቱ ወደ አክስቷ ቤት ተመለሰች።

ጸሐፊው ጎልማሳውን በክፉ አላሰናበተውም። «አንተ የሠርግ ጥሪ ብትጽፍ አገር ይሰበሰባል» ብሎ መርቆ ሸኘው፤ እውነትም ሆነለት። ሴትዮዋን ግን አጠገቡ ወንበር አስቀመጠላት። በጠየቀችው ቁጥር የሚሳሳትበትን እያወቀ ሄደ፤ የሚዘልላቸውን ፊደሎች ገና ሲጽፍ እየጠበቀ ይይዛቸው ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ቀኑን ሙሉ አንድ ነጥብ ሳይገኝበት የሚውልበት ጊዜ መጣ። እንዲህ ባለ ቀን ሴትዮዋ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትቀመጣለች፤ ሥራ ያጣች አትመስልም፤ ደስ ያላት ትመስላለች።

መምህር ልሳነወርቅ እዚህ ላይ ቆሙና ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ፕሮግራሞችሽም እንደ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ልጄ» አሉ። «ብዙ የሚለውጠውን አዋቂ፣ ጥቂት የሚነካውን ሰነፍ አድርገሽ አትቁጠሪ። ስህተቱን የሚያገኝ ይሁን፤ ይህ ግድ ነው። ግን የቱን እንደሆነ ያሳይሽ፣ ለምን እንደሆነ ይንገርሽ፣ ከዚያ ውሳኔውን ለአንቺ ይተው። የሚያስተምርሽ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ነገ የምትልኪውን አንድ ደብዳቤ ለሁለቱም ስጫቸው። የመለሱልሽን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ። ከሥሩ ስምሽን ለመጻፍ እጅሽ የማያመነታበትን ያዢ።»