ግማሹ ጧፍ፤ በሾተላይ ስም ስለ ተባረረችው ስለ ይመኙሻል

ምእመናን ሆይ፥ የአምላክ እናት በአንዲት የተናቀች ሴት ላይ ያደረገችውን ቸርነት እንነግራችኋለንና ልባችሁን ከጆሯችሁ ጋር ሰብስባችሁ ስሙ። በጽጌ አምባ ማርያም አጥቢያ ልሳነወርቅ የሚባል ጧፍ ሠሪ ነበረ፤ እመቤታችንንም እጅግ ይወድ ነበር። ከሠራው ጧፍ ሁሉ አስቀድሞ አንዱን ይለይና፥ በየማለዳው በሥዕሏ ፊት ሳያበራና ውዳሴዋን ሳይደግም እህል ወደ አፉ አያስገባም ነበር። ይህንንም ስእለት በክረምት ጭቃ በበጋ ሐሩር ሳይል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠበቀ። ሰዎች ትጋቱን ሲያመሰግኑለት ደስ ይለው ነበር፤ ከሚገባው በላይ ደስ ይለው እንደ ነበረም ኋላ በገዛ አንደበቱ ተናግሯል።

ይህም ሰው በቁርባን ያገባት ይመኙሻል የምትባል ሚስት ነበረችው። ለጧፉ የሚሆነውን ጥጥ የምትፈትለው እርሷ ነበረች፤ ፈትሏም ቀጭንና ጠንካራ ነው፥ ጫፉንም ሦስት ጊዜ ትቋጥረው ነበርና ከሌላ ሴት ፈትል ይለያል። እርሷ ትፈትላለች፥ እርሱም ሰም አቅልጦ ይነክራል። እንግዲህ በእርሱ ስም ከተቆጠረው ስእለት ግማሹ የእርሷ ነበረ፤ ይህን ግን ማንም ልብ አላለውም፥ ባሏም አላለውም።

ከተጋቡም በኋላ ይመኙሻል ፀነሰችና ፅንሱ በአራተኛው ወር ወረደ። ከዚያም ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑ በተወለደ በማግሥቱ እንደ እርድ ቢጫ ሆነና በአምስተኛው ቀን ሞተ። ሁለተኛውም ወንድ እንዲሁ ሆነ። ቀጥላ የወለደቻት ሴት ልጅ ግን ጡት ጠብታ፥ ወዝታ አደገች፤ ስሟንም ስንቅነሽ አሏት። ከእርሷ በኋላ የመጣው ግን ደግሞ ቢጫ ሆኖ ተወለደና ክርስትና ሳይነሣ ሄደ።

ልጅ እየተወለደ የሚሞትባትን ሴት በአገራችን ሾተላይ አለባት ይሏታል፤ በላይዋ ያደረ ክፉ መንፈስ በዓይኗ እያየ ልጆቿን ይበላል ብለው ያምናሉ። የልሳነወርቅ እናት ወይዘሮ ጠጅቱም ልጇን ለብቻው ጠርታ፥ «ልጄ፥ ይህቺን ሴት ከቤትህ አውጣት። ሦስቱን በላች፤ የቀረችህን አንዲቱን ሳትበላብህ ለያት» አለችው።

በጤና ጣቢያ የነበረች አንዲት ነርስ ግን ነገሩን ሰምታ ይመኙሻልን፥ «ይህ ከደማችሁ አለመስማማት ሊሆን ይችላል፤ ባልሽን ይዘሽው ነይና ሁለታችሁም ተመርመሩ» ብላት ነበር። ይመኙሻልም ሦስት ጊዜ ለመነችው፤ እርሱም ሦስት ጊዜ፥ «ሥጋ ወደሙ የተቀበልኩበትን ደም በጠርሙስ አላስቀዳም!» ብሎ መለሳት። በእርግጥ ቆራቢ በቆረበበት ዕለት ደሙ እንዳይፈስ መጠንቀቁ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ለዕለቱ ነው። ልሳነወርቅ የአንዱን ቀን ለዕድሜ ልክ አደረገውና፥ ክርስቶስ ደሙን ሁሉ ለሰጠው ሰው አንዲት ጠብታ ነፈገ። ነገሩን እዚህ ላይ ስንተርከው እንኳ ያሳዝነናል፤ ያን ጊዜ ክንዱን ቢዘረጋ ኖሮ ይህ ሁሉ እንባ ባልፈሰሰ ነበርና።

ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን፥ በእመቤታችን መታሰቢያ ዕለት፥ ይመኙሻል ስለ ሞተው ሕፃኗ ልታለቅስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደችና በሥዕሏ ፊት አንድ ጧፍ አበራች። ጧፉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ልሳነወርቅ መጣና ነበልባሉን በሌባ ጣቱና በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ አጠፋው። «የሾተላይ ብርሃን በእመቤቴ ፊት አይቆምም። ወደ እናትሽ አገር ሂጂ» አላት። እርሷም፥ «ስንቅነሽን ልሳማትና ልሂድ» አለችው። እርሱ ግን፥ «አታያትም! ዓይንሽን ከልጄ ላይ አንሺ» አላት። ያቺም ምስኪን የተባለችውን አመነች፤ ልጇ በእርሷ ዓይን እንዳትሞት ፈርታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና ወደ ኋላዋ ሳትመለከት ሄደች። ግማሹን ጧፍ ከዚያች ቀን በኋላ ያየው የለም፤ እርሱም አልፈለገው።

የንስሐ አባቱ አባ ጽጌ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «እግዚአብሔር ያጣመረውን በምን ሥልጣንህ ፈታህ?» ብለው ገሠጹት፤ አልሰማቸውም። ሌላ ሚስት ግን አላገባም። ቁርባኔን ጠበቅሁ እያለም ይህን እንደ ጽድቅ ቆጠረው። ልጁ ስለ እናቷ ስትጠይቀው፥ «ጥላሽ ሄደች» ይላት ነበር። ጧፉንም በየማለዳው ማብራቱን አላቋረጠም። እንዲህ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ከዚያም ስንቅነሽ አድጋ ባል አገባችና ፀነሰች፤ የመውለጃዋም ቀን በደረሰ ጊዜ ባሏና አባቷ ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰዷት። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም በደኅና አለቀሰች። ነገር ግን የስንቅነሽ ደም መፍሰሱን አላቆመም። ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት ወጥታ፥ «ብዙ ደም ፈሷታል፥ ደም ያስፈልጋታል። የእርሷ ዓይነት ኦ ኔጋቲቭ ነው፤ በጣም ጥቂት ሰው ነው ያለው፥ ደም ባንኩም ጨርሷል። ወደ ሌላ ከተማ ልከናል፤ እስኪመጣ ግን መቆየቷን እንጃ» አለቻቸው።

ያን ጊዜ ያ ለአንዲት ጠብታ የነፈገ ሰው እጀ ጠባቡን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ። «የእኔን ቅዱ! አባቷ ነኝ፥ ደሜ ደሟ ነው፥ ሁሉንም ቅዱት» አለ። መረመሩትም፤ የባሏንም መረመሩ፥ አንዱም አልሆነም። ሐኪሟም፥ «አባቴ፥ የእርስዎ ደም ኤ ፖዘቲቭ ነው። ለእርሷ ብንሰጣት ይገድላታል» አለችው።

«ከእኔ የተወለደች ልጅ፥ የእኔ ደም እንዴት ይገድላታል?» ብሎ ጮኸ።

ሐኪሟም፥ «እናትየው ብዙ ልጅ ሞቶባታል?» ብላ ጠየቀችው። «ሦስት፤ ከእነርሱም በፊት አንድ ፅንስ ወርዶባታል» አለ። «ቢጫ እየሆኑ?» አለችው። «እንደ እርድ» አለ፥ ድምፁም ዝቅ አለ። እርሷም እንዲህ ብላ ነገረችው፤ «የእናታቸው ደም ኔጋቲቭ ሳይሆን አይቀርም፥ የእርስዎ ፖዘቲቭ ነው። የመጀመሪያው ፅንስ ሲወርድ ደማቸው ሲነካካ፥ የእርሷ ደም የእርስዎን ዓይነት እንደ ባዕድ ለየው፤ ከዚያ በኋላ የእርስዎን ደም ይዞ የመጣውን ልጅ ሁሉ ተዋጋው። ስንቅነሽ የተረፈችው የእናቷን ደም ስለወረሰች ነው። ሾተላይ የምትሉት ይኸው ነው፥ መርፌ አለው። ፅንሱ እንደወረደ በሦስት ቀን ውስጥ ቢወጉ ኖሮ ሌሎቹ ባልሞቱ።»

«መርፌው ያን ጊዜም ነበረ?» አላት።

«ነበረ አባቴ» አለችው። 

ልሳነወርቅም በግድግዳው ሥር ተቀመጠና እንዲህ እያለ አለቀሰ፤ «እመቤቴ ሆይ፥ ሠላሳ ዓመት ጧፍ አበራሁልሽ፥ ሚስቴ ያበራችውን አንዱን ጧፍ ግን በጣቴ አጠፋሁት። ደሟን ረገምኩት፤ ስንቅነሽን ያተረፈልኝ ግን እርሱ ነበር። ስለ ጧፌ ብለሽ አትስሚኝ፤ ስለ ይመኙሻል እንባ ብለሽ ልጇን አድኛት።» ምእመናን ሆይ፥ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጸለየው ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ጸሎቱ ይመስለናል። ይመኙሻልም የምትኖረው በቆላው፥ በሰንበሌጥ ሜዳ ነውና መልእክት ቢላክ እንኳ የአንድ ቀን መንገድ ነበር።

እርሱም ገና እያለቀሰ ሳለ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፥ እግሯ አቧራ ለብሶ፥ በሆስፒታሉ በር ገባችና፥ «የስንቅነሽ እናት ነኝ። ልጄ ያለችበትን አሳዩኝ፤ ዓይኔን እሸፍናለሁ» አለች። ይመኙሻል ነበረች። ልሳነወርቅም ባያት ጊዜ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላት። ሐኪሟ ጊዜ ሳታጠፋ መረመረቻት፤ ደሟም ኦ ኔጋቲቭ ሆኖ ተገኘ። ክንዷን ይዘው ቀዱት፥ ደሙም ከእናቲቱ ወጥቶ በስንቅነሽ ሥር ገባ፤ ሐኪሞቹም በዚያ መካከል የሚፈሰውን አስቆሙት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የስንቅነሽ ከንፈር ቀላ፥ ዓይኗንም ገለጠች።

የስንቅነሽ ባልና በዚያ የነበሩትም ይመኙሻልን፥ «ማን ነገረሽ? እንዴትስ ደረስሽ?» አሏት። እርሷም እንዲህ ብላ ተናገረች፤ «ትናንት ቀትር ላይ የሰው ጥጥ እየፈተልኩ ሰላም ለኪ ስል፥ የማላውቃት ሴት ደጄ ላይ ቆመች። ፊቷን ስታዩት ለቅሶ ያስረሳል። ‹ያልተጨረሰ ጧፍ አለኝ፥ እሳት ስጪኝ› አለችኝ። እኔም ብርሃኔ ከእመቤቴ ፊት የተጣለ ነው ብዬ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጧፍ አብርቼ አላውቅምና፥ ‹እኔ የማበራውን ብርሃን አይቀበሉትም› አልኳት። እርሷም፥ ‹እኔ ተቀብዬዋለሁ፤ ካበራሽበት ቀን ጀምሮ በእጄ ነው። አሁን ልጅሽ በከተማው ሆስፒታል ናትና ክንድሽን ይዘሽ ሂጂ፤ በማኅፀንሽ የሰጠሻትን ደም ዳግመኛ ስጫት› ብላ ጧፉን በእጄ አኖረችው። ቀና ስል አጣኋት። ሌሊቱን በመኪና ተጓዝኩ።»

ይህንም ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ግማሽ የነደደ ጧፍ ፈትታ አወጣች። ቋጠሮው የእርሷ ነበር፥ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ። በሰሙም ላይ፥ በነደደው ጫፍ አጠገብ፥ የአውራ ጣት አሻራ በግልጥ ታትሞ ነበር። ልሳነወርቅ አውራ ጣቱን አመጣና በአሻራው ላይ አኖረው፤ ልክ ሆነ። በዚያም በሰው ሁሉ ፊት በእግሯ ላይ ወደቀ።

ከዚያም ስንቅነሽ በደካማ ድምፅ፥ «አባዬ፥ እኚህ እናት ማን ናቸው?» አለች። እርሱም፥ «እናትሽ ናት፤ ጥላሽ አልሄደችም፥ ያባረርኳት እኔ ነኝ» አላት። ይህን ቃል ከማውጣት ከክንዱ ደሙን ሁሉ ቢቀዱት ይቀለው ነበር።

ነርሷም ሕፃኗን ታቅፋ አመጣችና ለአያቷ ዘረጋችላት። ይመኙሻል ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ነጠላዋን በዓይኖቿ ላይ ሳበች፤ «ልጄ፥ ለእኔ አትስጪኝ፤ እኔ ሕፃን አላይም» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጎረቤት አራስ ቤት አልገባችም፥ አንድም ሕፃን አላቀፈችም ነበርና። ዶክተር ትርሲትም አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻት፤ የሕፃኗ ደም ፖዘቲቭ ስለሆነም ለስንቅነሽ መርፌው እንደተሰጣትና ወደፊት የምትወልዳቸውን እንደሚጠብቅላት አስረዳቻት። ይመኙሻልም፥ «እንግዲህ በዓይኔ አልነበረም?» አለች። «በዓይንዎ አልነበረም እናቴ» አለቻት። ቀስ ብላ ነጠላዋን ገለጠችና ሕፃኗን ተቀብላ አየቻት፤ ደጋግማም አየቻት፥ በክፍሉ የነበረውም ሁሉ አለቀሰ።

ልሳነወርቅም ይቅርታ በለመናት ጊዜ፥ «ይቅር ብዬሃለሁ፥ እመቤቴም ይቅር ትበልህ። ልጄ ጥርሷን ስትነቅል፥ ስትዳር፥ አላየሁም፤ እርሱን ግን አንተም አትመልሰው» አለችው። ከዚያም በኋላ በልጇ ቤት ተቀመጠች እንጂ ወደ እርሱ ቤት አልተመለሰችም፤ እርሱም ተመለሺ ለማለት አፍ አላገኘም።

በሰማንያ ቀንም ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች፤ ይመኙሻልም ያን ግማሽ ጧፍ በእመቤታችን ሥዕል ፊት በገዛ እጇ አበራችው። ልሳነወርቅ ከኋላዋ ቆሞ ነበልባሉ ወደ አሻራው ሲወርድ ተመለከተ፤ አሻራው ቀለጠና ጠፋ፥ ጧፉም እስከ ቋጠሮው ነደደ። ሰዎችም፥ «እመቤታችን ስለ ስእለትህ ድንቅ ሠራችልህ» ሲሉት፥ «ለእኔ አይደለም፤ እኔ ያጠፋሁትን እመቤቴ ለያዘችላት ለይመኙሻል ነው» ይላቸው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየሦስት ወሩ ሄዶ ደሙን ለማያውቃቸው በሽተኞች ይሰጣል፤ ሾተላይ አለባት የተባለች ሴት ባለችበት ቤትም ሁሉ እየገባ ባሏን፥ «እኔ ያደረግሁትን አታድርግ፤ ተነሥ፥ አብራችሁ ተመርመሩ» ይለዋል። ሲመለስም ሦስቱ ልጆቹ በተቀበሩበት በኩል ያልፋል፤ በዚያም ረጅም ጊዜ ይቆማል።

የይመኙሻልን ብርሃን በእጇ የጠበቀች እመቤት የእኛንም የጠፋ ብርሃን ትጠብቅልን፤ ልጅ በሞተባት እናት ላይ ከመፍረድ አንደበታችንን፥ ለወንድም ከመንፈግ ክንዳችንን ትመልስልን። ይህን የሰማችሁ፥ ያነበባችሁና ለሌላው የምትናገሩ ሁሉ፥ ሳይረፍድ ይቅርታ የምትጠይቁ ታድርጋችሁ፤ ደሙን ለሁላችን ለሰጠ ለልጇ ምስጋና ይሁን፥ ለዘለዓለሙ አሜን።