ለገንፎ ዱቄት ባሕር የተሻገረው ጫኔ

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የራበው ይታገስ።

የጫኔ ሚስት ዝማም ወለደች። ሴት ልጅ! ጫኔን ደስታው አላስቀምጥ አለው። ዝማም ግን፣ «ደስታህን ኋላ! የአራስ ገንፎዬን አምጣ፣ አንጀቴ ታጥፏል» አለችው። የታመሰውን ገብስ ተሸክሞ ወደ ወፍጮ ቤት በረረ።

ባለወፍጮው፣ «እኔስ በፈጨሁልህ! ሞተሩ ናፍጣ ካልጠጣ አይነሣም። ሂድና ናፍጣ የሚያመጣልንን የቦቴ ሹፌር ለምን» አለው። ጫኔ መቼም እግሩ እንጂ ሐሳቡ ሩቅ አይሄድም፤ ሮጠ።

ቦቴው መንገድ ዳር ቆሟል። «ሹፌር፣ ወንድሜ! ቦቴ ካልሄደ ናፍጣ የለ፣ ናፍጣ ከሌለ ወፍጮ አይፈጭ፣ ወፍጮ ካልፈጨ ገንፎ የለ፣ አራሷ አለቀችብኝ!»

«ባዶ ቦቴ ይዤ የት ልሂድ? ነዳጅ የሚያመጣልን መርከብ አልሞላም» አለ ሹፌሩ።

ጫኔ ወደብ ደረሰ። «ካፒቴን፣ ጌታዬ! መርከብ ካልሞላ ቦቴ አይሄድ፣ ቦቴ ካልሄደ ናፍጣ የለ፣ ናፍጣ ከሌለ ወፍጮ አይፈጭ፣ ወፍጮ ካልፈጨ ገንፎ የለ፣ አራሷ አለቀችብኝ!»

«የነዳጅ ጉድጓዱ ባለቤት አኩርፎ ዘግቶታል። ና ውጣ፣ ራስህ ለምነው!» አለ ካፒቴኑ።

ባሕሩን ተሻገሩ። ባለ ጉድጓዱ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ይነሡልኝ! ጉድጓድ ካልተከፈተ መርከብ አይሞላ፣ መርከብ ካልሞላ ቦቴ አይሄድ፣ ቦቴ ካልሄደ ናፍጣ የለ፣ ናፍጣ ከሌለ ወፍጮ አይፈጭ፣ ወፍጮ ካልፈጨ ገንፎ የለ፣ አራሷ አለቀችብኝ!»

«ከጎረቤቴ ተጣልቻለሁ፤ ሳንታረቅ አልነሣም። ለመሆኑ አያቶችህ በምን ያስፈጩ ነበር?»

«በውሃ ወፍጮ።»

«ወንዙ ደረቀ?»

«ኧረ ጋሼ፣ በጓሯችን ሲያጓራ ነው የሚውለው!»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ?»

ጫኔ ግንባሩን መታ። አፈረ፣ ሳቀ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ!» እያለ ተመለሰ። ሞተር ሲመጣ የተጣለውን የወፍጮ ድንጋይ ከባለወፍጮው ጋር ከሣር ውስጥ ፈልፍለው አወጡ፤ ቦዩንም ጠረጉ። ያን ጊዜ ወንዙ መዘውሩን ገፋ፣ መዘውሩ ድንጋዩን አዞረ፣ ድንጋዩ ገብሱን ፈጨ፣ ገብሱ ዱቄት ሆነ፣ ዱቄቱ ገንፎ ሆነ፣ ገንፎውም አራሷ ፊት ቀረበ። እልል!

ዝማም አንዴ ጎረሰችና፣ «ቅቤ አነሰው» አለች።

ጫኔ ለመንገድ ብድግ አለ። «ወየው! ቅቤው ደግሞ ከየትኛው ባሕር ነው የሚመጣው?»

«ከላማችን ነዋ፣ አንተ ሰውዬ! ማሰሮው አጠገብህ ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በገንፎ አብሱ።